ሳይወድቅ የተሸነፈው ሰውዬ (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ስለ መሐመድ አሊ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር፣ ደብዳቤም ጎረፈልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የገረመኝ ግን ግማሹ ሰው የጠየቀኝ ስለ አሊ አይደለም፣ በአንዲት መስመር ብቻ ስሙን ጠርቼው ስላለፍኩት ጆርጅ ቹቫሎ ስለሚባል ካናዳዊ ነው። «93 ጊዜ ሪንግ ገብቶ አንዴም ያልወደቀ» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ እሷ ናት ሰው ጉሮሮ ላይ የቀረችው። እንግዲህ የዛሬው አምድ የሱና የመሰሎቹ ነው፣ ዋናውን የዓለም ቀበቶ ሳይታጠቁ ጡረታ የወጡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ቀንሱ ደምሩ ብላችሁ እንዳትደክሙ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምኖረው ቶሮንቶ ነው፣ ካርልተን መንገድ ላይ ባለው ትልቁ ሱፐርማርኬት ማታ ማታ ዕቃ እደረድራለሁ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሁሌ ሽንኩርት ሊገዙ ሲመጡ ያወሩኛል፣ በቀደም «እዚህ አንተ የቆምክበት ቤት ውስጥ አሊ ከሰፈራችን ልጅ ጋር 15 ዙር ተደባድቧል» አሉኝ። ሲቀልዱ ነው ብዬ ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን ተቀየሙኝ መሰለኝ። እውነት ነው እንዴ? (የሌሊት ሺፍት)

መልስ፦ ሂድና ይቅርታ ጠይቃቸው የኔ ወንድም፣ አልቀለዱብህም። የምትሰራበት ህንጻ ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ነው፣ የቶሮንቶ የበረዶ ሆኪ ቡድን ስንት ዘመን የተጫወተበት አዳራሽ፣ አሁን ታች ሎብሎውስ ገብቶበት ላይ ላዩ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ማዕከል ሆኗል። 25ኛው መደዳ ጋ ስትደርስ ወለሉን እየው፣ ቀይ ክብ አለች፣ ድሮ የሆኪው ሜዳ መሃል የነበረበትን ነው የምታሳየው። ስንት ጊዜ በጋሪ ሄደህባታል መሰለህ።

ግጥሚያው ማርች 29 ቀን 1966 ነበር። ቶሮንቶ እንዴት እንደደረሰ ግን መንገዱ ጠማማ ነው። አሊ መጀመሪያ ቀጠሮ የያዘው ኧርኒ ቴሬል ከሚባል ቦክሰኛ ጋር ነው፣ ቺካጎ ላይ። ፌብሩዋሪ ላይ የውትድርና ምልመላው ለዘመቻ ብቁ ነህ ሲለው እኔ ከቬትኮንግ (አሜሪካ ቬትናም ውስጥ ከምትዋጋቸው ሸማቂዎች) ጋር ምንም ጸብ የለኝም ብሎ ቁጭ፣ በቃ አሜሪካ ተንጫጫ፣ ቺካጎ አላስተናግድም አለች፣ ሌሎቹም ከተሞች ተራ በተራ በራቸውን ዘጉ፣ ቴሬልም ወጣ። ቶሮንቶ እሺ ስትል ደግሞ አዳራሹን ያሰራው ኮን ስማይዝ የሚባለው ሰውዬ፣ የድሮ ወታደር ነው፣ በንዴት የቦርድ ወንበሩን ጥሎ ወጣ። ቹቫሎ የተጠራው ግጥሚያው 17 ቀን ሲቀረው ነው። 17 ቀን! ለአሊ! እኛ ሰፈር ለቅዳሜ ኳስ እንኳን ከዚያ በላይ እንዘጋጃለን።

ሰውዬው ማን ነው ካልከኝ የዚያው የቶሮንቶ ልጅ ነው፣ በ1937 የተወለደ፣ ወላጆቹ ከሄርዞጎቪና የመጡ ክሮአቶች፣ ያደገው ጃንክሽን የሚባለው የቄራ ሰፈር። አባቱ ከብት ይበልታል፣ እናቱ ዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ላባ ትነጫለች። (ስንቱ የኛ ሰው ከሀገር ወጥቶ የመጀመሪያ ደሞዙን የቆጠረው ስጋ ቤት ውስጥ እንደሆነ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ።) በ18 ዓመቱ በ1956 ያንተው ህንጻ ውስጥ የድሮው ሻምፒዮን ጃክ ዴምፕሲ ስሙን የሰጠው የጀማሪዎች ውድድር ላይ ገብቶ በአንድ ምሽት አራት ሰው አከታትሎ ዘረረ። ፕሮፌሽናል ሆኖ የጀመረው እንደዚህ ነው።

የ1966ቱን ምሽት ቪዲዮውን ፈልገህ እየው፣ ደረጃ በደረጃ ልነግርህ አልችልም፣ አንድ ነገር ግን ልብ በል። አሊ የመጀመሪያው ዙር ላይ ክንዱን ከፍ አድርጎ ጎኑን ይሰጠዋል፣ ምታኝ በል ምታኝ እያለ ሲጫወትበት ነው። ቹቫሎ ደግሞ እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው አይደለም፣ መታው፣ መታው፣ አንዳንዱ ከቀበቶ በታችም ይወርዳል፣ ዳኛው አይቶ እንዳላየ ነው። መሃል አካባቢ ስትደርስ አሊ ያንን ቀልድ ትቶታል። ከ15 ዙር በኋላ አሊ በሙሉ ድምጽ አሸነፈ፣ ቹቫሎ ፊቱ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ቆሞ ጨረሰ። ቹቫሎ ሁሌ ያወራት የነበረች ቀልድ አለች፣ አሊ ደም እየሸና ሆስፒታል ሄደ፣ እኔ ደግሞ ሚስቴን ይዤ ዳንስ ቤት፣ ታዲያ ማን አሸነፈ? ይል ነበር። በ1972 ቫንኩቨር ላይ ተገናኝተው 12 ዙር ደገሙት፣ አሁንም አሊ በነጥብ። በጠቅላላው 27 ዙር ማለት ነው፣ አሊ እንደዚያ ቀጥቅጦት አንዴም መሬት አላስነካውም።

ሽማግሌውን ሰላም በልልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ፀጉር ቤት ውስጥ ጸብ አስነሳህብን። እኔ የምለው አንድ ሰው በህይወቱ ካልወደቀ አልተሸነፈም፣ ቹቫሎ ተበልቷል፣ ነጭ ስለሆነ ነው ካናዳዊ ስለሆነ ነው አላውቅም ግን ተበልቷል። ጓደኛዬ ደግሞ አይ አቅሙ እዚያ ድረስ ነው ይላል። በአንድ ሳጥን ቢራ ተወራርደናል፣ ፍረድ። (የፒያሳው)

መልስ፦ ሳጥኑን ግዛ። ለጓደኛህም ከመጀመሪያው ጠርሙስ አንዱ የኔ ነው በለው።

ቦክስ ላይ አለመውደቅ ነጥብ የለውም። ዳኞቹ በየዙሩ የሚቆጥሩት ማን በደንብ መታ፣ ማን ዙሩን ተቆጣጠረ የሚለውን ነው፣ ዛሬ ባለው አቆጣጠር ዙሩን የወሰደው 10 ያገኛል ሌላው 9፣ ከወደቀ 8። ስለዚህ ሳትወድቅ 15 ዙር 9፣ 9፣ 9 እየለቀምክ በሰፊው ልትሸነፍ ትችላለህ። መውደቅ ይቀንስብሃል፣ መቆም ግን አይጨምርልህም። ቹቫሎ ወደፊት ነው የሚሄደው፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አያደርግም፣ አንድ ለመምታት ሦስት ይቀበላል፣ አንገቱ የበሬ ነው፣ ሁክ (ክንድ አጥፎ ከጎን የሚወረወር ቡጢ) አለው፣ ጎን ላይ የሚያሳርፋት ቡጢ ትጎዳለች፣ እግሩ ግን ከባድ ነው። ቀርቦ ለሚጫወት ሰው መቅሰፍት ነው፣ ለሚርቀው ሰው ደግሞ የልምምድ ከረጢት። እኔ እንደ ደጋፊ ስናገር ያመኛል ግን እውነቱ ይሄ ነው።

የተሸነፈላቸውን ሰዎች ደግሞ እስቲ እይ። እኛ ኢትዮጵያውያን በቀላሉ የምንይዝበት መንገድ አለኝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960ው ኦሎምፒክ በቦክስ ወርቅ የወሰደው አሊ ነው። አበበ ቶኪዮ ላይ ሲደግም በ1964 የከባድ ሚዛኑ ወርቅ የጆ ፍሬዘር። ሜክሲኮ ላይ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ሲያሸንፍ በ1968 ጆርጅ ፎርማን። ከነሱ በፊት በ1952 ፍሎይድ ፓተርሰን በመካከለኛ ሚዛን፣ በ1956 ፒት ራዴማከር በከባድ ሚዛን። ከአምስት ተከታታይ ኦሎምፒክ አምስት ባለወርቅ ማለት ነው፣ አምስቱም ቹቫሎን አሸንፈውታል! እንደዚህ ያለ እድል የገጠመው ሌላ ሰው ካለ ጻፉልኝ። ከፓተርሰን ጋር በ1965 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያደረጉትን ሪንግ የሚባለው መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ግጥሚያ ብሎታል፣ 12 ዙር ነበር፣ እሱንም በነጥብ አጣ።

አሁን ላንተ የሚሆን ትንሽ ማጽናኛ። በ1964 ዳብሊውቢኤ (የዓለም ቦክስ ማህበር) ከአሊ ላይ ቀበቶውን ገፎ ነበር፣ ቀበቶውን ከነጠቅከው ከሊስተን ጋር ቶሎ የመልስ ግጥሚያ አትይዝም ነው ነገሩ። ክፍት የሆነውን ቀበቶ በ1965 ቴሬል ወሰደ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቶሮንቶ መጥቶ ከቹቫሎ ጋር 15 ዙር ተጫወተና በነጥብ ይዞት ተመለሰ። ይቺን ቹቫሎ ራሱ በህይወቱ አልተቀበላትም፣ ሀገሬ ላይ ተበላሁ የሚለው እሷን ነው። ተበልቷል ካልክ ስለሷ ተከራከር፣ የአሊውን ግን ተወው። ደግሞ ዛሬ አራት ትላልቅ ድርጅቶች አሉ፣ ዳብሊውቢኤ፣ ዳብሊውቢሲ፣ አይቢኤፍ፣ ዳብሊውቢኦ፣ አራት ቀበቶ። ያኔ እንደ ዛሬው ቢሆን አንዷ ወገቡ ላይ ትወድቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። የካናዳ ሻምፒዮንማ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው፣ በ1979፣ ያ ግን እኛ ዓለም ከምንለው ጋር አይደመርም።

«አልወደቀም» ማለት ደግሞ ከመጨረሻው ደወል በፊት ያስቆመው የለም ማለት አይደለም፣ ይሄንንም ለጓደኛህ ንገረው ውርርዱ ላይ ይጨምርለታል። ሁለት ጊዜ ዳኛ አስቁሞበታል። በ1967 ፍሬዘር በአራተኛው ዙር፣ የዓይኑን ጉድጓድ አጥንት ሰብሮበት። በ1970 ፎርማን በሦስተኛው። ሁለቱንም ጊዜ ሲያስቆሙት በእግሩ ቆሟል፣ የሚመታው ሰው ግን አልነበረም፣ የሚመቱት ብቻ። ጠቅላላ ሂሳቡ 73 ድል፣ ከዚያ ውስጥ 64ቱ በዝረራ፣ 18 ሽንፈት፣ 2 አቻ።

አንዷን ድል ሳልነግርህ ብቀር ይቆጨኛል። ዲሴምበር 1969፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ጄሪ ኳሪ። ኳሪ ፈጣን ነው፣ ነጥቡን እየሰበሰበ ነው፣ የቹቫሎ ዓይን አብጦ ሊዘጋ ደርሷል፣ ያለቀ ጨዋታ ይመስላል። ሰባተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ቹቫሎ ግራ ሁክ ጣለ፣ ኳሪ ወደቀ። ወዲያው ተነሳ! ከዚያ ምን ነካው፣ ትንሽ ልረፍ እስከ ስምንት ይቆጠርልኝ ብሎ በአንድ ጉልበቱ ተመልሶ ተንበረከከ፣ ቆጣሪውን አልሰማውም፣ ቀና ሲል አስር ሞልቷል። ኳሪ ሲጮህ ሲዘል ዳኛው እጁን እያወናጨፈ ነው። ደህና የነበረ ሰው ተንበርክኮ ተሸነፈ፣ ዓይኑ የጠፋው ሰውዬ አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ። ባለፈው እትም ኧርኒ ሼቨርስን ከፍሬዘር ጋር አጋጥመኸዋል። እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ያን ዘመን በሬዲዮና በጋዜጣ ተከታትያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግጥሚያ አልተደረገም። ስትጽፉ አጣሩ እንጂ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልክ ነዎት አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሼቨርስ ከፍሬዘር ጋር አልገጠመም። ከአሊ ጋር ነው፣ በ1977፣ 15 ዙር ሄዶ በነጥብ ተሸነፈ። በ1979 ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ ላሪ ሆምስን ሰባተኛው ዙር ላይ ጥሎት ነበር፣ ሆምስ ግን ተነስቶ በ11ኛው አስጨረሰው። እሱም ቀበቶ ያልታደለ ሰው ነው፣ 74 ድል 68ቱ በዝረራ ይዞ። አሊ ስለ ሼቨርስ ቡጢ ያላትን እንደሚያስታውሷት አልጠራጠርም፣ ሲመታኝ አፍሪካ ያሉ ዘመዶቼ ተንቀጠቀጡ ያላትን። ሐዋሳም ደርሷል እንግዲህ።

ጥያቄ፦ የቹቫሎ ልጆች በድራግ አለቁ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የሰው ወሬ? (ስሜ ይቅር)

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። ባጭሩ ነው የምነግርሽ ምክንያቱም ማስረዘሙ አይጠቅምም። ትንሹ ልጅ በሞተር አደጋ ጉልበቱ ተጎድቶ በህመም ሲሰቃይ፣ አንድ ግብዣ ላይ ይሄ ያስታግስልሃል ብለው ሄሮይን ሰጡት፣ በ1985 በገዛ እጁ ሞተ። በ1993 ሌላው ልጅ ከመጠን በላይ ወስዶ ሞተ፣ እናትየው በጥቂት ቀን ውስጥ ራሷን አጠፋች። በ1996 ሦስተኛው፣ እሱም በሄሮይን። ሦስት ልጅና ሚስት።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ተማሪዎችን ስለ ድራግ ያነጋግር ጀመር፣ ብዙ ዓመት፣ ከከተማ ከተማ። ስብከት አይደለም፣ የልጆቹን አሟሟት ነው እንዳለ ያወራ የነበረው፣ አንዱ ልጁ ሬሳው ሲገኝ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቶቹ መሃል እንደነበረ ሳይቀር። 14 እና 15 ዓመት ልጆች ፊት። ካናዳ በ1998 ከትልልቅ የሲቪል ኒሻኖቿ አንዱን ስትሰጠው ለቦክሱም ለዚህም ነው። «አልወደቀም» የሚለውን ለዚህኛው ታሪክ የሚጠቀሙበት ጸሐፊዎች አሉ፣ እኔ ግን አልወደውም፣ ልጅ መቅበር ቦክስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ዱባይ ቤት ሰራተኛ ነኝ፣ ልጄን አዲስ አበባ እናቴ ጋ ነው የማሳድገው። 17 ሊሞላው ነው፣ ቦክስ ጀምሯል፣ አሁን ትምህርቱን ትቶ ፕሮፌሽናል ልሁን እያለ ነው፣ ጓንት ግዢልኝ ጫማ ግዢልኝ፣ ልኬለታለሁ። ሻምፒዮን ባይሆን እንኳን በቦክስ መኖር ይቻላል ወይ? እውነቱን ንገረኝ። (የአንድ ልጅ እናት)

መልስ፦ እውነቱን አይደል የጠየቅሽኝ እናቴ፣ እነግርሻለሁ። ይቻላል፣ ግን አኗኗሩን ስሚው። በርሚንግሃም እንግሊዝ ውስጥ ፒተር በክሊ የሚባል ሰው ነበር። 300 ግጥሚያ ተጫወተ፣ ያሸነፈው 32፣ የተሸነፈው 256፣ አቻ 12። እና በዚያ ነው ቤቱን ያስተዳደረው። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ አዘጋጁ ትኬት የሚሸጥለት የሰፈር ጎበዝ አለው፣ ለዚያ ጎበዝ ተጋጣሚ ያስፈልጋል፣ የተያዘው ተጋጣሚ ከቀረ ደግሞ ዛሬ ተደውሎለት ነገ የሚመጣ፣ ሚዛኑን የጠበቀ፣ ጎበዙን የማይጎዳ፣ በራሱም ላይ ጉዳት የማይደርስበት ሰው ይፈለጋል። በክሊ እንደዚያ ነበር። ናሲም ሐመድን የመሰሉ ኋላ ዓለምን ያዳረሱ ልጆች ገና ሲጀምሩ በሱ ላይ ነው የተለማመዱት። በአብዛኛው በነጥብ ይሸነፋል፣ ሂሳቡን ይቀበላል፣ ሌላ ሳምንት ሌላ ከተማ። በ2008 የመጨረሻውን የ300ኛውን አሸንፎ ወጣ፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት አላሸነፈም ነበር። እኔ ይሄን ሰው አከብረዋለሁ፣ ጥበበኛ ነው፣ 300 ጊዜ ገብቶ በጤና መውጣት ራሱ ሙያ ነው። ልጅሽ የሚያልመው ግን እሱን አይመስለኝም፣ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በየሳምንቱ በየአዳራሹ ግጥሚያ ስላለ ነው የሚሰራው፣ እኛ ጋ በየሳምንቱ የሚደውል አዘጋጅ ከየት ይመጣል?

ሌላኛው መንገድ ደግሞ ቅድም ያነሳሁት ጄሪ ኳሪ ነው። ጎበዝ፣ መልከ መልካም፣ ከአሊ ጋር ሁለቴ ከፍሬዘር ጋር ሁለቴ የገጠመ፣ ሻምፒዮን ያልሆነ፣ ብር ያገኘ። በ1992፣ በ47 ዓመቱ፣ አእምሮው ሲደክም እየታወቀ ኮሎራዶ ሄዶ ለ1,050 ዶላር 6 ዙር ተመታ። በ1999 ሲሞት 53 ዓመቱ ነበር፣ ከቡጢ ብዛት በሚመጣው የመርሳት በሽታ፣ መጨረሻ አካባቢ ያጎርሱት ያለብሱት ነበር ቤተሰቦቹ። ይሄን የምጽፍልሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ ልጅሽን ከልክዪው ብልሽም አይሰማሽም፣ 17 ዓመት ነው። ግን ጉዳቱ ትልልቁ ግጥሚያ ላይ ብቻ አይመጣም፣ በየቀኑ ልምምድ ላይ እርስ በርስ ሲመታቱ የሚጠራቀመው ነው የሚብሰው። ስለዚህ ስትደውዪለት ስንት አሸነፍክ አትበዪው። በሳምንት ስንት ቀን ነው ስፓሪንግ የምታደርገው፣ ከማን ጋር፣ ከአንተ የሚከብድ ነው ወይ፣ ራስህን አሞህ ያውቃል ወይ በዪው። አሰልጣኙ ተመትቶ የዞረበትን ልጅ በማግስቱ መልሶ ሪንግ የሚያስገባ ከሆነ በዚያው ቀን ከዚያ ቤት ይውጣ፣ ሌላ ክለብ ይፈልግ። ትምህርቱን ደግሞ በማታም ቢሆን ይጨርስ፣ አማተር ሆኖ ሁለት ሦስት ዓመት ይጫወት፣ ፕሮፌሽናሉ የትም አይሄድም። ጓንቱን መግዛትሽ ጥሩ ነው፣ የጥርስ መከላከያ ልከሽለታል? ካላላክሽ ከጫማው በፊት እሷ ትቅደም።

ከየትኛው ሚዛን እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ስንት ኪሎ ነው?